መሪው ሲንኳኳ ምን ይገዛ? አዲስ መገጣጠሚያ፣ ያገለገለ ራክ ወይስ ቶርኖ ቤት

መኪናዬ እንደ ፈረንጆቹ በ1998 የተሠራች ኮሮላ ናት። አስፋልት ላይ ጨዋ ናት። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ሰፈር ገብተን ኮብልስቶኑን ስንነካ ግን ከመሪው ሥር ኳ! ኳ! ማለት ትጀምራለች። መጀመሪያ ያደረግኩት ሬዲዮውን ከፍ ማድረግ ነበር። አትሳቁ፣ እናንተም አድርጋችሁታል። ሬዲዮው ሁለት ወር አቆየኝ።

ከዚያ ጋራዥ ወሰድኳት። የትኛው ጋራዥ እንደሆነ ይቅር። «ሾኩ ነው» አሉኝ። የፊት ሁለቱ ሾኮች ተቀየሩ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ገና ከበሩ ሳልርቅ ኳ! አለች። ተመለስኩ። «እንግዲያው ራኩ ነው፣ ያገለገለ እናመጣልሃለን» አሉ። ራክ ማለት መሪውን ስታዞሩ የፊት ጎማዎቹን ወደ ግራና ቀኝ የሚገፋው ረጅሙ ብረት ከነቤቱ ነው። ዋጋውን ስሰማ ቁልፌን ተቀብዬ ሄድኩ።

ስንቶቻችን ነን በዚህ መንገድ ገንዘብ የጨረስነው? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አሮጌዋን ይዞ መቆየት የብዙ ሰው ዕጣ ሆኗል። ስለዚህ ምን አዲስ እንደሚገዛ፣ ምን ያገለገለ እንደሚበቃ፣ ምን ደግሞ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን ተቆርጦ የሚስተካከልበት ቤት) እንደሚድን ማወቅ ይጠቅማል። ዋጋ በቁጥር አልጽፍም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም።

መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ኪስ

ሰፈራችን ባሕር ዛፍ ሥር የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። ጋራዡ ላሜራ እንኳ የለውም። መኪናዋን ሲያይ መፍቻ አላነሳም። «ጋሼ፣ እርስዎ ገብተው መሪውን ትንሽ ትንሽ ያወዛውዙልኝ» አለኝ። ጎማዎቹ መሬት እንደያዙ ነው። መሪውን በጣም ሳላዞር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅነቅ አደረግኩ። እሱ ከሥር ገብቶ መገጣጠሚያዎቹን በየተራ በእጁ ጨበጠ። የላላ መገጣጠሚያ ሲንኳኳ በመዳፍ ይሰማል። ጆሮ ያታልላል፤ ድምፁ በብረቱ ተጉዞ ሌላ ቦታ ይወጣልና።

ቀጥሎ ጎማውን በክሪክ አነሳ፣ ከሥሩም ግንድ ደገፈ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ካያችሁ ጎትታችሁ አውጡት። ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዞ ነቀነቀው። እንዲህ ሲያዝ የሚወዛወዝ ከሆነ ጥርጣሬው ታይሮድ ላይ፣ ማለትም ራኩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ላይ፣ ወይም ራኩ ላይ ነው። ከላይና ከታች ተይዞ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ የታችኛው ቦል ጆይንት (ጎማውን ከታች የሚይዘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ወይም የጎማው ኩሽኔታ ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬኑ ሲረገጥ ውዝዋዜው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው።

መኪናዋ ቆማ መሪው ሲዞር ከኮፈኑ ሥር ድንግ የሚል፣ እንደተወጠረ ሽቦ የሚለቀቅ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ሞላው ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ሞላው እየተጠማዘዘ ዘለል ካለ የሾኩ የላይኛው መቀመጫ ደክሟል። መሪው ሙሉ ተጠምዝዞ ነዳጅ ስትሰጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ደግሞ የመሪ ጉዳይ አይደለም፣ የሞተሩን ኃይል ለጎማው የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ፣ ሲቪ ጆይንት ነው።

አንድ ዘዴ ልጨምር። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታውን በሁለቱም የፊት ጎማ እኩል ውጡት። ከዚያ በአንድ ጎማ ብቻ ውጡት። በሁለቱም ጸጥ ብሎ በአንዱ ከተንኳኳ መጀመሪያ የስታብላይዘር ሊንክን ጠርጥሩ፤ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ ከጎማው በኩል የሚያያይዘው አጭር ብረት ነው። ያ ብረት ሥራ የሚገባው አንዱ ጎማ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ ነው። ለዚህም ነው ኮብልስቶን ላይ የሚጮኸው መኪና አስፋልት ላይ ዝም የሚለው።

የእኔዋ ምን ሆነች? የቀኝ የውስጥ ታይሮድ ነበር። ልጁ የራኩን ላስቲክ ሽፋን በጣቶቹ ጨምቆ መሪውን አስነቀነቀኝ፣ እዚያው ውስጥ ኳ አለ። ሽፋኑ ተቀዷል። ባለፈው ክረምት የኮዬ ፈጬን ጭቃ ስንዋኝ ውኃ ገብቶ ግራሶውን አጥቦታል።

አዲስ መገጣጠሚያ ካገለገለ ራክ ጋር

አሁን ወደ ግዢው። ጋራዡ ያገለገለ ሙሉ ራክ ግዛ አለኝ፣ ልጁ ደግሞ አዲስ ታይሮድ። ሁለቱ እንዴት ይለያያሉ?

አዲስ ታይሮድ፣ የድሮ መካኒኮች ቴስቲኒ የሚሉት፣ ያለቀውን ብቻ ይቀይራል። የዘይት ቧንቧ አይፈታም። የውጩ ቀላል ነው፣ የውስጡ ትንሽ ያስቸግራል፣ ያም ሆኖ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አደጋው ኮፒ መግዛት ነው።

ያገለገለ ራክ ሲገዛ የሌላ ሰው ኳኳታ አብሮ ሊመጣ ይችላል። የውስጥ ታይሮዶቹ የሌላ አገር መንገድ በልቷቸዋል። ዘይቱ ፈስሶ መደርደሪያ ላይ ስለከረመ ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዙት ጎማ ማኅተሞች ደርቀው ይሆናል። ይሄ ባንኮኒ ላይ አይታወቅም። ተገጥሞ፣ ዘይት ተሞልቶ፣ ሞተር ተነስቶ፣ ምናልባትም ከወር በኋላ ነው የሚያንጠባጥበው። ያኔ ዕቃው ቢመለስ እንኳ የመካኒክ ዋጋ ሁለቴ ተከፍሏል። እኔን ያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ግዴታ ራክ መግዛት ካለባችሁ ሦስት ነገር እዩ። ላስቲኩን ገለጥ አድርጉና ውስጡን በጣት ዳስሱ፤ ዘይት ካለ ተዉት። ዘንጉ ላይ የዝገት ጉድጓድ ካለም ተዉት፣ አዲስ ማኅተም ቢገባ እንኳ ይበላዋል። ከዚያ መሪው የሚገጠምበትን ጥርስ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ አዙሩት። መሐል ላይ ላላ ብሎ ጫፍ ላይ ጠበቅ የሚል ከሆነ መሐሉ አልቋል። መኪና ዕድሜውን የሚያሳልፈው ቀጥ ብሎ በመሄድ ስለሆነ የራክ ጥርስ ቀድሞ የሚያልቀው መሐሉ ነው።

እዚህ ጋ ነው «ትንሽ ላጥብቅልህ» የሚል መካኒክ የሚመጣው። ራኩ ላይ የማጥበቂያ ብሎን አለ። መሐሉ ያለቀን ራክ አጥብቃችሁ ጸጥ ስታሰኙት፣ ያላለቀው ጫፉ ይነክሳል። ከታጠፋችሁ በኋላ መሪው በራሱ አልመለስ ካለ ከመጠን በላይ ጠብቋል ማለት ነው። ገንዘብ ስለማያስወጣ ያጓጓል። እኔ ግን ከሚነክስ መሪ የሚንኳኳ መሪ እመርጣለሁ።

ቶርኖ ቤት መቼ?

ራኩ ራሱ ደህና ሆኖ የሚያፈስ ከሆነ፣ ወይም ዘንጉ የሚሄድበት ቡሽ ብቻ ካለቀ፣ ጥገና ካገለገለ ራክ ይሻላል። የማኅተም ኪት ይገዛል፣ ቡሹ ቶርኖ ቤት ይቆረጣል። ባለሙያው ሲለካ እዩት። በካሊፐር የሚለካ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፣ በዓይኑ የሚገምት ከሆነ ሻይ ጠጡና ሂዱ።

የላላ ታይሮድ ወይም ቦል ጆይንት በመዶሻ አስጨምቆ ወይም አስበይዶ ማስጠበቅ ግን ጥገና አይደለም። የብየዳው እሳት ውስጡ ያለውን ፕላስቲክና ግራሶ ያቃጥላል፣ ብረቱንም ያበላሻል። ለጊዜው ይጠብቃል። ለዓመታዊ ምርመራ፣ ለቦሎ ብቻ ብለው የሚያደርጉት አሉ። ከምርመራው ማግስት የአዳማን ፈጣን መንገድ የሚይዙትም እነሱው ናቸው።

የት ይቆጠብ፣ የት አይቆጠብ?

የእኔ መለኪያ አጭር ናት። ይህ ዕቃ መንገድ ላይ ቢወልቅ ምን እሆናለሁ?

የስታብላይዘር ሊንክ ቢወልቅ መኪናው ኩርባ ላይ ትንሽ ያጋድላል፣ ይንኳኳል፣ ቤታችሁ ግን ትገባላችሁ። እዚህ ላይ ርካሹን ብትገዙ አልቃወምም። ቶሎ ያልቃል፣ እንደገና ትገዛላችሁ፣ በቃ። የራኩ መቀመጫ ጎሚኒም (ራኩ የሚያርፍበት ላስቲክ) እንዲሁ ውድ አይደለም። መሪው ሲነቀነቅ ራኩ ራሱ ከነቤቱ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ እሱ ነው፣ ቀይሩት። ብዙ «ራክ አልቋል» የተባለ መኪና በዚህች ጎሚኒ የዳነ ነው።

የታችኛው ቦል ጆይንትና ታይሮድ ግን ሌላ ናቸው። ቦል ጆይንት ሲወጣ ጎማው ይታጠፋል። መንገድ ዳር አንድ እግሩ እንደተሰበረ በሬ የተንበረከከ መኪና አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፣ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። እዚህ ላይ አዲስና ጥሩውን ብቻ። የመኪናው ፋብሪካ ኦርጅናል ከተገኘና ኪስ ከቻለ ጥሩ። ካልሆነ 555 የሚባለው የጃፓን ዕቃ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ችግሩ ስሙ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ይኮረጃል። ካርቶን ማሳተም ቀላል ነው። ስለዚህ ከካርቶኑ አውጡትና ኳሱን በእጅ አወዛውዙት። አዲስ መገጣጠሚያ ጠንከር ብሎ፣ ግን ሳይቆራረጥ መዞር አለበት። ወደ ጎን አዘንብላችሁ ስትለቁት ወዲያው ዘፍ ካለ መልሱት። ላስቲኩ ለስላሳ ይሁን፣ የብሎኑ ጥርስ ንጹሕ ይሁን። የውስጥ ታይሮድ ከሆነ የሚታጠፈው መቆለፊያ ቀለበት አብሮ መኖሩን አረጋግጡ፤ አሮጌው ተቃንቶ ዳግም መታጠፍ የለበትም።

ያገለገለ ዕቃ ጠላት አይደለሁም። መሪውን ከራኩ ጋር የሚያገናኘው አጭር ዘንግ አለ፣ ክሮቸራ (ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) ያለበት። እሱ ሲላላ መሪው በተነቀነቀ ቁጥር ድምፁ እግራችሁ ሥር ይመጣል። አዲሱ ውድ ነው። ያገለገለው ግን ውስጡ የተደበቀ ዘይት ወይም ማኅተም ስለሌለው በእጅ ተጠምዝዞ ይታወቃል። ባንኮኒው ላይ ሊፈተን የሚችለውን ያገለገለ ግዙ፣ የማይፈተነውን አዲስ።

ሶማሌ ተራ ወይስ የሰፈር መለዋወጫ ቤት?

መርካቶ ሶማሌ ተራ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ያገለገለ ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ አትልፉ። ከቱሉ ዲምቱ ሄዶ መመለስ ግን ቀኑን ይበላል፣ ሳይመረመር የተገዛ ዕቃ ሳይገባ ሲቀርማ ሁለት ቀን። ለውጭ ታይሮድ፣ ለሊንክና ለጎሚኒ የሰፈሩ ሱቅ ይበቃል። ትንሽ ያስከፍላል፣ ግን ካልገባ እዚያው በእግር ትመልሳላችሁ። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ቢልም ቀድማችሁ ከተነጋገራችሁ ብዙዎቹ ይቀይራሉ።

የትም ብትሄዱ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ሊብሬ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከጃፓን በቀኝ መሪ ተሠርተው ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ የዞረ መኪኖች፣ በተለይ ቪትዞች፣ እዚህ ብዙ ናቸው። የሻንሲ ቁጥሩ የሚያወጣላችሁ የቀኝ መሪውን ራክ ነው። እሱ ደግሞ አይገባም። በዚያ ላይ መሪው የዞረ መኪና ከሆነ የተገጠመለት ራክ ከሌላ ሞዴል የመጣ ሊሆን ይችላል። የውስጥ ታይሮዱ ርዝመት በሚሊሜትር ይለያል። ሻጩ «ይገባል፣ ይገባል» ሲል አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አጋድሙት።

ፒክአፕ ያላችሁ፣ በተለይ የቆዩ ሃይሉክሶች፣ ራክ የላችሁም፣ የመሪ ሳጥን ነው ያላችሁ። እናንተ ጋ ከሳጥኑ በፊት ከወዲያኛው በኩል የመሪውን ዘንግ ደግፎ የሚወዛወዘው ክንድ ይታይ። ቡሹ ቶሎ ያልቃል። ጎረቤቴ ሳጥን ሊገዛ ብር ቆጥሮ ነበር፣ በዚያች ክንድ ተገላገለ።

አንድ ወጪ ደግሞ ሁሉም ይረሳዋል። ታይሮድ ከተነካ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) የግድ ነው። ጥሩ መካኒክ አሮጌውን ሲፈታ ስንት ዙር እንደዞረ ይቆጥራል፣ አዲሱን በዚያው ልክ ያስገባል። ያ ግን አላይመንት ቤት እስክትደርሱ ድረስ ነው። ያን ገንዘብ የቆጠበ ሰው የፊት ጎማዎቹ ጠርዝ ተበልቶ ጎሚስታው ደጃፍ ያገኘዋል።

እኔ የገዛሁት አዲስ የቀኝና የግራ የውስጥ ታይሮድ፣ ሁለት ላስቲክ ሽፋንና የራኩን ጎሚኒ ነው። ኳኳታው ዘጠና በመቶ ጠፋ። የቀረችውን አሥር ያገለገለው አጭር ዘንግ ወሰዳት። ራኩ አሁንም ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ነው። ልጁ ሲጨርስ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ላስቲክ ከክረምት በፊት አንዴ፣ ከክረምት በኋላ አንዴ ይዩት» አለኝ። መስከረም ሲጠባ ጎንበስ ብዬ አየሁት። አልተቀደደም።