ዘጌ አድሬ መጣሁ፦ ማደሪያው ይመሰገናል፣ ጀልባው ይታረም

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ጥሩ ሆቴል ሞልቷል። የምጽፈው ጣና ሐይቅ ዳር ባለው ዘጌ ደን ውስጥ ማደር ለሚያምረው ሰው ነው።

የምኖረው ስዊዘርላንድ ስለሆነ የማደሪያ መለኪያዬ የአልፕስ ተራራ ጎጆ ነው። እዚያ ጫማ ደጃፍ ላይ ይወልቃል፤ እራት ለሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት ይቀርባል፤ መኝታው የጋራ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጸጥታ ይሆናል። ድሎት የለም፤ ዋጋው ግን እስከ ሻዩ ድረስ ተጽፎ ይጠብቃል።

የዘጌው ማደሪያ ከዚያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ክፍሉ ጠባብ፣ አንሶላው ግን ፀሐይ የሸተተ ንጹሕ ነው። አጎበሩ ጥግ ላይ ተቀዶ በክር ተቋጥሮ አገኘሁት። ሐይቅ ዳር ወባ አለና ዝም የሚባል ነገር አይደለም፤ ስናገር ወዲያው ቀየሩልኝ። እራት ቀረሶ ነበር፦ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰ፣ ከጓሮ በተቆረጠ ሎሚና በአዋዜ። ቡናው የዚያው የዘጌ ነው። ማታ ቡና እንቅልፍ ይነሣኛል ብል ማን ሰምቶኝ! የቤቱ እናት «ልጄ፣ በረካው ሳይደርስ ወዴት ነው?» ብለው አስቀመጡኝ።

ጠዋት በእግር ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄድን። ዘጌ ውስጥ በቆየው ሥርዓት መሬቱ በበሬ አይታረስም፤ ኑሮው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ደኑም የተረፈው በዚሁ ነው። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ነጠላ ጫማ አይሆንም። አስጎብኚያችን ወጣት ነው፤ የመቅደሱን ሥዕሎች እንደ ቤተሰቡ ፎቶግራፍ ያውቃቸዋል። በላዔ ሰብእ ጋ ሲደርስ የጥርኝ ውኃውን ታሪክ ሳይቸኩል ተረከልን። የከፈልኩት ገንዘብ ለእርሱ ያንሰዋል።

ጀልባውን ግን አላመሰግንም። ከባሕር ዳር ስንነሣ የተስማማንበት ዋጋ ስንመለስ ሌላ ሆነ፤ «የመጠበቂያ» ተባለ። ደረሰኝ የለም። የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ከመቀመጫ ሥር ታስረው ነበር፤ ስጠይቅ «ዛሬ ማዕበል የለም» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ እንደሚነሣ እነርሱ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ።

የምትሄዱ ከሆነ መሄጃውን፣ ቆይታውንና መመለሻውን አንድ ላይ ተዋዋሉ፤ ጃኬቱን ሳትለብሱ አትነሡ። ሴቶች ክብራን ገብርኤል ገዳም እንደማይገቡ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይገባሉ። ዘጌ በመኪናም ይደረሳል። እኔ ከእንግዲህ በየብስ ነኝ።