የመዘዞ ኦፓል ቀለበት ከነምንጭ ወረቀቱ፦ ከክረምት እስከ በጋ ሲደረግ

ቀለበቱ ደብረ ብርሃን ላይ በእጅ የተሠራ ነው። ድንጋዩ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከመዘዞ የሚወጣው ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ፣ ብሩ የቀለጠ ማርትሬዛ፣ ማለትም የድሮው ጠገራ ብር ነው ተብሎ ይሸጣል። አብሮት አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጣል፤ ድንጋዩ የተቆፈረበትና የተቆረጠበት ቀን፣ የቆፋሪዎቹ ማኅበር የፈቃድ ቁጥር፣ የብሩና የድንጋዩ ክብደት ተጽፎበታል። ከተራ ቀለበት በላይ የሚከፈለው ለዚህ ወረቀት ስለሆነ መመርመር ያለበትም እሱ ነው።

ክብደቱ ይገጥማል። ብሩ 6.21 ግራም፣ ድንጋዩ 3 ካራት ይላል። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነውና ድምሩ 6.81 መምጣት አለበት፤ ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ሲወጣም ያንኑ አሳየ። ይህ የብሩን ጥራት አያረጋግጥም፤ ሠሪው እየመዘነ እንደሚሠራ ግን ያሳያል።

ብሩ ላይ የተመታው 833 ነው፣ ትክክልም እሱ ነው። ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። አንዱን ጠገራ ወደ 925 ለማድረስ 34 ግራም ያህል ንጹሕ ብር መጨመር ይጠይቃል፤ ያኔ ከግማሽ በላዩ ጠገራ መሆኑ ይቀራል። «የጠገራ ብር ነው» ተብሎ 925 የተመታበት ጌጥ ሲያጋጥም የተጨመረው ብር ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የሳንቲሙ ፎቶ ግን ለጌጥ ያህል ነው። ማርትሬዛ ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይም ሲመታ ኖሯል፤ ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ የትም ይመታ፣ መቼም ይመታ፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት ያው 1780 ስለሆነ ፎቶው ምንም አይነግርም።

ከውስጥ በኩል ቀላ ያለ ጥላ ይታያል። ብሩ በእሳት ሲግል መዳቡ ከአየር ጋር ተዋህዶ የሚተወው ነው፤ ከማጋሉ በፊት ቦራክስ የሚባለው የአንጥረኛ ዱቄት በደንብ ቢቀባ ይቀንስ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ አይለቅም፣ ጉዳትም የለውም። መጥቆሩ ይብሳል፤ 833 መዳብ ስለሚበዛው ከ925 ቶሎ ይጠቁራል። የሚያጠቁረው ድኝ ነው፣ ድኝ ደግሞ እንቁላልና ሽንኩርት ውስጥ ብቻ ሳይሆን ሱፍም ውስጥ አለ። የመንዝ ባና ወይም በርኖስ በሞላበት ሣጥን የሚያድር ብር ቶሎ ይጠቁራል። የኩበት ጭስ ያለበት ማድ ቤትም እንደዚያው ነው። አየር በማያስገባ ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ማስቀመጥ ይበቃል።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ። የመዘዞ ኦፓል ለገበያ የወጣው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲሆን መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ፣ ቸኮሌት መሳይ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የተገኘው የወሎው የወገል ጤና ኦፓል በብዛት ነጣ ያለ ነው፤ ውኃ ይመጥጣል፣ ሲደርቅም ወደ መልኩ ይመለሳል። የመዘዞው ችግር ሌላ ነው፦ ይሰነጠቃል። ኦፓል ውስጡ ውኃ ያዘለ ድንጋይ ነው፤ ውኃው ሲተን አካሉ ይኮማተራል። የዚህ ቀለበት ድንጋይ ክረምቱን ምንም አልነበረበትም። ኅዳር ገብቶ ውርጩና ደረቁ ነፋስ ሲበረታ ብሩ በጨበጠው ጠርዝ በኩል የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ወጣ። ከፊት ለፊት አይታይም፤ በአጉሊ መነጽር፣ ባትሪ ከጎን አብርቶ ሲታይ ግን ሦስት ቀጫጭን መስመሮች ከጠርዙ ተነስተው ወደ መሃል ያመራሉ፣ አረንጓዴው ነጸብራቅም እነሱ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል።

ወረቀቱ ዋጋውን ያወጣው እዚህ ላይ ነው። በተቆፈረበትና በተቆረጠበት ቀን መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ጥንቁቅ ቆራጭ ጥሬውን ለወራት አቆይቶ፣ የሚሰነጠቀው ከተሰነጠቀ በኋላ የተረፈውን ይቆርጣል። ቀኑ ባይጻፍ ኖሮ ጥፋቱ በተጠቃሚው ይላከክ ነበር። ስለዚህ ሲገዙ መጀመሪያ የሚነበበው የቀኖቹ ልዩነት ነው፤ ስድስት ወር ካልሞላው ለጉትቻ ወይም ለአንገት ጌጥ እንጂ ለቀለበት አይመከርም።

አያያዙ ብዙ አያስቸግርም። ሊጥ ሲቦካ፣ ልብስ ሲታጠብ፣ ጸጉር ቅቤ ሲቀባ ይወልቃል። በተለይ የወሎው ዓይነት ቅቤውን መጥጦ ሊበልዝ ይችላል። አቧራ ያረፈበትን ድንጋይ በደረቅ ነጠላ መጥረግ ይጭረዋል፤ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ጥንካሬው 7 ነው፣ የኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ቶሎ አለቅልቆ ነው። ብር ለማጽዳት የሚመከረው የፈላ ውኃ፣ ሶዳና ፎይል ኦፓል ላለበት ጌጥ አይሆንም። ወርቅ ቤቶች ያለው በንዝረት የሚያጸዳ ማሽንም እንዲሁ።

ወረቀቱ የዘለለው አለ። ለቆፋሪዎቹ ምን እንደተከፈለ አይናገርም፤ «ፍትሐዊ ዋጋ» የሚል ቃል ብቻ ነው ያለው፣ በቃሉ ደግሞ የሚሸመት ነገር የለም። ብየዳው ካድሚየም ከሚባለው ብረት ነጻ መሆኑም አልተጻፈም፤ የካድሚየም ጭስ ለሠሪው ሳንባ መርዝ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኪምበርሊ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምንጭ ማረጋገጫ ሥርዓት ጥሬ አልማዝን እንጂ ኦፓልን ስለማይመለከት ከሠሪው ሌላ የሚጠየቅ የለም። ሁለቱንም ጥያቄ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል።

የጣት ልክ ጠዋት በብርድ አይወሰድም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት የተለካ ቀለበት ከሰዓት ይጠብቃል። ኦፓሉ እላዩ ላይ እያለ በእሳት ማስፋትም አይቻልም፤ ድንጋዩ መውጣት አለበት፣ ሲወጣና ሲመለስ ደግሞ ጠርዙ ሊሸረፍ ይችላል።