አሞክሳሲሊን ወይስ የፌጅ ኢንዛይም?

ባክቴሪያ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍተኛ ነው። ያንን ግፊት ችሎ የሚይዘው የሕዋሱ ግድግዳ ነው። አሞክሳሲሊን ግድግዳውን ራሱ አይቆርጠውም፤ ግንበኞቹን ነው ሥራ የሚያስፈታው። ስለዚህ በደንብ የሚገድለው እያደገ ያለውን ባክቴሪያ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል።

ኢንዶላይሲን ግን ሌላ ነው። ፌጅ የሚባለው ቫይረስ ባክቴሪያው ውስጥ ተራብቶ ሲያበቃ፣ ግድግዳውን ሰብሮ የሚወጣበት ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙን ብቻ ነጥለው ከውጭ ሲጨምሩት የቆመውን ግድግዳ ይቆርጠዋል። ባክቴሪያው እንደ ፊኛ ይፈነዳል! እ.ኤ.አ. በ2001 በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የቪንሰንት ፊሼቲ ቡድን ጉሮሮ የሚያሳምመውን ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በዚህ ዓይነት ኢንዛይም በሙከራ ቱቦ ውስጥ በሰከንዶች ፈጅቶታል።

ኢንዛይሙ መራጭም ነው። አሞክሳሲሊን የአንጀታችንን ጠቃሚ ባክቴሪያ ጭምር ይነካል፤ ተቅማጡ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ኢንዶላይሲን ዒላማው ላይ ያተኩራል። ታዲያ ይህ መራጭነት ጣጣም አለው፦ የትኛው ባክቴሪያ እንዳመመዎት አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ እኔ አሞክሳሲሊኑን እመርጣለሁ።

ደግሞ ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። ቢዋጥ ሆድ እንደ እንቁላል ይፈጨዋል፤ ስለዚህ ወይ በመርፌ ወይ በቅባት ነው። እንደ ኢ ኮላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው በቀላሉ አያስገቡትም።

ከኢንዶላይሲኖች ሁሉ በሰው ላይ በተደረገ ሙከራ ርቆ የሄደው ኤክሴባኬዝ የተባለው ነበር። በደም ውስጥ የገባ ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያን ለማከም ከአንቲባዮቲክ ጋር ተደርቦ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን የመጨረሻው ደረጃ ሙከራ፣ ተጨማሪ ጥቅም አያሳይም ተብሎ ተቋረጠ።