የፓኬት ኦአርኤስ ወይስ ቤት የተበጠበጠ ስኳርና ጨው?

ተቅማጥና ትውከት ሲያጣድፍ ትልቁ ስጋት የሰውነት ፈሳሽ ማለቁ ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይፈይድም። የወጣውን መተካት ነው እንጂ።

የፓኬቱ ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የስኳርና የጨው ዱቄት፣ ተመጥኖ የመጣ ነው። ግሉኮሱ (ስኳሩ) ሶዲየሙን (ጨው ውስጥ ያለውን ማዕድን) ይዞ በአንጀት በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ ውሃውም ይከተላቸዋል። በተቅማጥ የሚወጣውን ፖታሲየምም ይተካል። ጣዕሙ? እሱስ ብዙም አይወራለትም። ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ውሃ ግን አይቀንሱ፣ አይጨምሩ።

የቤቱ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ማንኪያው ሳይቆለል፣ ልክ አፉ ድረስ። ጣጣው እዚህ ጋ ነው፦ ጨው ከበዛ በተለይ ለሕፃን አደገኛ ነው፤ ስኳር ከበዛ ተቅማጡን ያባብሳል። ፖታሲየምም የለውም። ቀምሰውት ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ይድፉት።

እኔ ፓኬቱን እመርጣለሁ፤ ለልጅማ ምንም አያጠያይቅም። የቤቱ ፓኬቱ እስኪገኝ ያቆያል።

ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ አይጠጧቸውም። ካስመለሰ 10 ደቂቃ ታግሶ፣ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል። ሽንት ከጠፋ፣ ዓይን ከጎደጎደ ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን በቀጥታ ወደ ሐኪም።