ለተሰራጨ የጨጓራ ካንሰር፦ ቀዶ ሕክምና ወይስ ኬሞቴራፒ?

ደሴ ላይ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው ተልባ እየጠጣና ኦሜፕራዞል እየዋጠ ወራት ሊያሳልፍ ይችላል፤ ክብደቱ ቀንሶ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሆስፒታል ሲደርስ ግን በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) የተወሰደው ናሙና ካንሰር መሆኑን፣ ሲቲ ስካኑ ደግሞ ጉበት ላይ መድረሱን ያሳያል። ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ለምን ተቆርጦ አይወጣም?» ብሎ ነው።

ጥያቄው የሚገባ ነው። ሆኖም በጃፓን፣ በደቡብ ኮሪያና በሲንጋፖር ተካሂዶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ኬሞቴራፒ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት) የወሰዱ ሕሙማን ኬሞቴራፒ ብቻ ከወሰዱት የበለጠ ዕድሜ እንዳላገኙ አሳይቷል።

ኬሞቴራፒ በዚህ ደረጃ ፈጽሞ አያድንም፤ ዕድሜን ግን በወራት ያስረዝማል፣ ሕመምንም ያስታግሳል። በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ መመላለስን ይጠይቃል፤ መድኃኒቱን ፍለጋ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ለሚሄድ አቅመ ደካማ ደግሞ መንገዱ ራሱ ሌላ ሕመም ነው። በመካከሉ ትኩሳት ከተነሳ፣ ኢንፌክሽንን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ወርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ግድ ነው።

ቀዶ ሕክምና ተመራጭ ሊሆን የሚችለው ለምሳሌ የጨጓራው መውጫ ተዘግቶ ትናንት የተበላው እንጀራ ዛሬ ሳይፈጭ ሲመለስ ነው፤ ያኔም ዕጢውን ሳይነኩ ጨጓራውን ከትንሹ አንጀት ጋር ማገናኘት ሊበቃ ይችላል።