በደሴ የውጭ ሐዋላ ለምትጠብቁ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለው የንግድ ባንክ ቅርንጫፍ የውጭ ሐዋላ መስኮት ላይ ለምትሠራው እህታችን ምስጋናችን ይድረሳት። ፈቃዷን ስላልጠየቅን ስሟን አልጻፍንም። ልጆቻቸው ከጂዳ፣ ከዱባይና ከቤይሩት የሚልኩላቸውን እናቶች ሳታጣድፍ፣ ሳታመናጭቅ ነው የምታስተናግደው። እድሜና ጤና ይስጥልን።

“የደሴን ስዊፍት ኮድ ስጪኝ” የሚላት ብዙ ነው። ስዊፍት ኮድ ከውጭ ገንዘብ ሲላክ ተቀባዩ ባንክ የሚለይበት ነው። ለደሴ የተለየ ኮድ አያስፈልግም። የንግድ ባንክ ኮድ በየትኛውም ቅርንጫፍ ለተከፈተ ሒሳብ ያው ነው፦ ሲ ቢ ኢ ቲ፣ ኢ ቲ፣ ኤ ኤ። የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ባንኩን፣ ቀጣዮቹ ሁለት አገሩን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቦታውን ያመለክታሉ። የላኪው ፎርም 11 ፊደል ካልሞላ አልቀበልም ካለ መጨረሻው ላይ ሦስት ኤክስ ይጨመራል። ገንዘቡን እናንተ ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባው በ1000 የሚጀምረው ባለ 13 አሃዝ ቁጥር ነው።

ኮዱን በስልክ አታስነብቡ። ኢ ሲባል ሰሚው አይ ብሎ ይጽፈዋል። እሷ በትልልቁ ጽፋ ትሰጣለች፤ ፎቶ አንስቶ መላክ ነው።

ከኮዱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያስቸግረው ስም ነው። ሙሐመድ በላቲን ፊደል በኦም በዩም ይጻፋል፤ ኤሙ አንድም ሁለትም ይሆናል። ላኪው የጻፈው ከሒሳቡ ስም ጋር ካልገጠመ ገንዘቡ ማብራሪያ እስኪመጣ ሊያዝ ወይም ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስም ክፍያ ይቆረጥበታል። ስለዚህ የአያት ስም ሳይቀር ደብተሩ ላይ እንዳለ ትገለብጥላችኋለች። ይህን ማድረጓ ብቻ ስንቱን ምልልስ ያስቀራል!

ላኪው አይባን የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቁጥር ከተጠየቀ ኢትዮጵያ አይባን አትጠቀምም፤ በቦታው የሒሳብ ቁጥሩ ይገባል። በዌስተርን ዩኒየን ተልኮ በእጅ ለሚወሰድ ግን ኮዱም የሒሳብ ቁጥሩም አያስፈልግም፣ ባለ 10 አሃዙን የሚስጥር ቁጥርና መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው።

ገንዘቡ ጎድሎ ከደረሰ መካከል ያለው ባንክ ቆርጦ ሊሆን ይችላል። ላኪው ሲልክ ሙሉ ክፍያውን በራሱ ላይ የሚያደርገውን ምርጫ፣ አወር የሚለውን፣ ይምረጥ። ከዘገየ ደግሞ ከላከበት ባንክ ቀድሞ ኤም ቲ 103፣ አሁን ፓክስ 008 የሚባለውን የማስተላለፊያ ቅጂ አስልካችሁ፣ ደብተርና መታወቂያ ይዛችሁ ወደ እሷ ሂዱ። የላከበትን ደረሰኝ ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም፤ ክትትሉ የሚጀመረው በቅጂው ላይ ባለው መለያ ቁጥር ነው።