ትንሿ መኪናዬ ከስምንት ወር አገልግሎትና ከጎንደር ዳገት በኋላ

ይህችን መኪና የገዛኋት በሰኔ 2014 ነው። የጃፓን ስሪት፣ ያገለገለች፣ ባለ 1,300 ሲሲ ሞተርና ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ናት። እስከዚህ የካቲት 2015 ድረስ 11,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቻታለሁ። ስለ አዲስ አበባው የዕለት ተዕለት አገልግሎቷ ብዙ የምለው የለኝም፤ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ለማቆም ጠባብ ቦታ ይበቃታል፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ ከመቀየር ያለፈ ወጪም አልጠየቀችኝም። ምን እንደምትችልና ምን እንደማትችል በትክክል ያወቅሁት ግን በኅዳር ወር ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ጎንደር ስሄድባት ነው።

ጎንደርን አልወድም ነበር። በ1979 ዓ.ም.፣ በ13 ዓመቴ፣ አጎቴ ዘንድ ሆኜ እንድማር ተልኬ አንድ ዓመት ኖሬባታለሁ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ስለነበር ናፍቆቴን የምወጣበት መንገድ አልነበረኝም። ከዚያ ዓመት በልቤ የቀረው ከአንገረብ ወንዝ በኩል ውሃ የሞላ 20 ሊትር ጀሪካን ትከሻዬ ላይ አድርጌ የምወጣው ዳገት ነው። 36 ዓመት ሙሉ «ጎንደር እንዴት ነበረች?» ተብዬ ስጠየቅ የምመልሰው ያንን ዳገት እያሰብኩ ነበር።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው የዓባይ በረሃ የመጀመሪያው ፈተና ሆነብን። መንገዱ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። አስፋልቱ በከባድ መኪኖች ጎማ ተጨፍልቆ እንደ እርሻ ትልም ስለተቦረቦረ፣ ወለሏ ዝቅ ያለ መኪና ሆዷ እንዳይመታ ጎማዎቿን በትልሙ ጀርባ ላይ ማስኬድ ያስፈልጋል። ከጉዞው በፊት ከፍዬ ያስመረመርኩበት ጋራዥ የፊቱ የፍሬን ሸራ ገና ብዙ ያገለግላል ብሎኝ ነበር፤ ቁልቁለቱን ሳናጋምስ ግን የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ ፔዳሉም ከወትሮው ጠልቆ ገባ። ዳር ይዤ 40 ደቂቃ ያህል አቀዘቀዝኳት። ሸራው ማለቁ እውነት ቢሆንም እኔም በሦስተኛ ማርሽ እየወረድኩ ፍጥነቱን በፍሬን ብቻ መያዜ ስህተት ነበር። የቀረውን በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት አድርጌ፣ ፍሬኑን አንዴ ጠበቅ አድርጌ እየረገጥኩና እየለቀቅኩ ወረድኩ፤ ሽታው አልተመለሰም። ወደ ደጀን ስንወጣ ኤሲውን አጥፍቼ ስለነበር የሙቀት መለኪያው ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ለራዲያተሩ ብዬ የጫንኩት ውሃም ሳይነካ ጎንደር ደረሰ።

ባሕር ዳር አድረን፣ አዲስ ዘመንንና ማክሰኚትን አልፈን፣ በአዘዞ በኩል ከቀትር በፊት ገባን። ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ጎንደር አራት ሰውና ሻንጣ ሲጨመርበት ይህ ጉድለት በግልጽ ይሰማል። ወደ አጎቴ ቤት በሚያወጣው ኮብልስቶን ላይ፣ ልክ በዚያው ዳገት ወገብ፣ ከፊታችን የነበረው ባጃጅ ቆመ። የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ነዳጅ ሰጥቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ተንሸራተተች። ባለቤቴና ልጆቹ ወርደው በእግር ወጡ፤ እኔም በሁለተኛው ሙከራ ደረስኩ።

የአጎቴ ባለቤት አሁንም እዚያው ቤት ናቸው። የሆነውን ስነግራቸው እጄን እንደያዙ፣ «ዳገቱን መጥላትህንስ አውቃለሁ፤ ባዶ ጀሪካን ይዘህ ስትወርድማ እየዘፈንክ ነበር፤ ድምፅህ እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር» አሉኝ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ የዘፈንኩት?» አልኳቸው። ፈጽሞ ረስቼው ነበር።

በማግስቱ መኪናዋን እደጃቸው አቁመን በእግራችን ወረድን። በዚያ ዓመት የነገሥታቱን ቅጥር ከውጭ ታክኬ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ሳልፍ አንድ ቀን እንኳ ወደ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። አሁን አራት ክብ ማማዎች ካሉት ከአፄ ፋሲል ግንብ ሥር ቆሜ፣ በኖራ የተያያዘውን ቡናማ ድንጋይ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ጥላው ገና የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ነበር። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ደግሞ ትንሹ ልጄ በጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ልቁጠር ብሎ አንገቱን እስኪያመው አንጋጠጠ። ሁለት ቀን ያልነው ቆይታ አምስት ቀን ሆነ።

መኪናዋን በተመለከተ፣ በረጅሙ መንገድ በሊትር 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳልኛለች፤ ይህ ያስመሰግናታል። የፊት መብራቷ ደካማ ስለሆነ በሌሊት መንዳት አልመክርም፤ የኋላ ወንበሯም ከአራት ሰዓት በላይ ለሚቀመጥ አዋቂ አይመችም። ቤተሰብ ይዞ ደጋውን የሚመላለስ ሰው 1,500 ሲሲ ቢገዛ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። እኔ ግን አልሸጣትም። የፊቱን የፍሬን ሸራ በተመለስን ሳምንት ቀይሬያለሁ። ለፋሲካ እንደምንመጣ ለእትዬ ቃል ስለገባን፣ ከዚያ በፊት ፍሪሲዮኑን አስቀይራለሁ።